አስታማሚው ሲወጣ

ሙሉነሽ ካንሰር እንደሌለባት የተነገራት በሰኔ ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ለቀዶ ሕክምና ሁለት ቀን ሲቀራት ነበር።

ሆዷ ውስጥ የተገኘው እብጠት አራት ወር ሙሉ ሲያከሳት ስለከረመ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ያለውን የቅመም መደቧን ለጎረቤቷ ለኸዲጃ አስረክባ ነበር። ሐኪም ዘንድ አብሯት የሚገባው ታላቅ ወንድሟ ጌታነህ፣ ጡረታ የወጣ መቶ አለቃ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት መልሱን ይደረድር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ዶክተር ሊድያ፣ «ጋሽ ጌታነህ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችው።

«የእሷ አፍ እኮ እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ሆዱ ግን የእሳቸው ነው።»

ጌታነህ እየሳቀ ወጣ። ሊድያ በሩን ዘጋች። «ለወሊድ መከላከያ ማሕፀንዎ ውስጥ ሉፕ አስገብተው ያውቃሉ?»

ሙሉነሽ መሬት መሬቱን አየች። ሉፑ የገባው ባሏ በሕይወት ሳለ ነው፤ እሱ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። ትዝ ባላት ጊዜም በወንድሟ ፊት የሚነገር አልነበረም።

«አልወጣም» አለች በቀስታ።

ዛሬ ሊድያ ፈገግታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። «ከእብጠቱ የወሰድነውን ናሙና እንደገና አየነው። በሉፑ ላይ ለዓመታት የተራባ ባክቴሪያ ነው፤ እብጠቱ ካንሰር ይመስላል እንጂ አይደለም። ብዙ ጊዜ አያጋጥመንም። ሉፑ ይወጣል፤ ፔኒሲሊን ለሳምንታት በመርፌ፣ ከዚያ ለወራት በኪኒን ይወስዳሉ። የሐሙሱ ቀዶ ሕክምና ቀርቷል።»

ሙሉነሽ ውጭ ወጥታ ስትነግረው ጌታነህ ለተዘጋው የሐኪሟ በር ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። ዕንባውን በእጅጌው ጠርጎም፣ «ከምን መጣ ታዲያ?» አለ።

«የሴት ነገር ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አልጠየቅሁም!»

ገበያው ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቃት። ኸዲጃ እልልታዋን ስታቀልጠው ከበርበሬ ተራ ሴቶች ተሰበሰቡ።

«አልሐምዱሊላህ! ደንበኞችሽን ወርሼ ነበር እኮ፤ አሁን ልመልስልሽ ነው?»

«አንድ በአንድ!»

«ኧረ አቦ፣ በሽታውስ ከምን መጣ?»

ሙሉነሽ ዙሪያዋን ተመለከተች። ባል የሌላት ሴት ሉፕ አላት ቢባል ምን እንደሚወራ ታውቃለች።

«ሉፕ ነበረኝ። ካስገባሁት ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ሳላስወጣው ረሳሁት።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ኸዲጃ ግን አልሳቀችም፤ በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር።

«ወላሂ፣ የእኔም ሉፕ ልጄ ባርኮት ከተወለደች ጀምሮ... አሥራ አምስት ዓመት!»

ሙሉነሽ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኸዲጃን ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። ሉፕ ያላት ሁሉ መደቧን ዘግታ ትከተለን።»