ምላስ በጥርስ መሃል

መምህርት መይሙና ጠዋት ከቤቷ ከወጣች ጀምሮ ትምህርቷን በልቧ ትደጋግማለች። ዛሬ አዲሱ ሱፐርቫይዘር ክፍሏ ገብተው ሊያዩዋት ነው። የዕለቱ ትምህርት ደግሞ ምላስን በጥርስ መሃል ብቅ አድርጎ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው፤ ከስንት ቀን ይህን ቀን መረጡ።

ሳምንቱን ሙሉ ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጋር ስትታገል ሰንብታለች። የቆቦ ልጅ በታላቁ ፊት ምላስ ማውጣት ስድብ ስለሚመስለው፣ ድምፁን በሉ ባለቻቸው ቁጥር ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ከመዳፍ ጀርባ ምላስ ይውጣ አይውጣ በምን ታውቃለች? ትናንት ትዕግስቷ አለቀ።

«ወላሂ፣ ከእንግዲህ እጅ አፍ ላይ እንዳላይ» ብላ አምባረቀችባቸው። «እኔን እያያችሁ፣ እኔ የማደርገውን ብቻ አድርጉ።»

ልጆቹም እሺ ብለው እጃቸውን አወረዱ።

ዛሬ ትምህርቱን እንደጀመረች በሩ ተንኳኳ። ሱፐርቫይዘሩ ሲገቡ ቀና ብላ አየች፤ ጋሽ ገዛኸኝ ናቸው። አንደኛ ክፍል ጣቷን ይዘው ፊደል ያስጻፏት፣ ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኛቸው ዝቅ ብላ ሰላም የምትላቸው መምህሯ። የኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻቸውን ገለጡ።

«ቀጥይ ልጄ» አሏት።

ልጆቹ እጃቸውን ዴስኩ ላይ ዘርግተው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። «እኔን ተከተሉ» አለችና ምላሷን ልታወጣ ስትል ከጋሽ ገዛኸኝ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የሂጃቧ ጫፍ እንዴት አፏ ላይ እንደደረሰ አላወቀችም።

ስልሳ ሁለቱ ተማሪዎች፣ ልክ እንደታዘዙት፣ እጃቸውን አንስተው አፋቸውን ሸፈኑ።