ወናፍ የነፋችው ሴት

እስራኤል አገር፣ አፉላ መሀል ከተማ የሳንቲም ሱቅ ያለው ኤልዳድ እነሸጋዬ ቤት መጥቶ፣ ትንሽ ሳጥን ከፍቶ የወርቅ ሳንቲም ናሙና ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር፣ የሸጋዬ አባት አለበል ወደ መስኮቱ ወስደው አገላበጡትና «የተሰበረው የቱ ጋ ነው?» አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ብረት ይዞ ቤታቸው የሚመጣው ሊያስጠግን ነበር።

ሸጋዬ በዕብራይስጥ ነገረችው። ኤልዳድ ከት ብሎ ሳቀ። «አልተሰበረም! ለጥንት ብረት ሠሪዎች መታሰቢያ ነው፤ ሰብሳቢዎች ይገዙታል። ፊቱም የሳቸው ነው። ካቮድ ነው፣ ክብር!»

ባለፈው ዓመት ሰፈራቸው ጊቫት ሃሞሬ፣ ከሕንጻቸው ጀርባ፣ ይኸው ሰው ፎቶ ሊያነሳ መጥቶ አባቷ እሳት አንድደው ማጭድ ቀጥቅጠውለት ነበር። እናቷ ሙሉሸዋ ከጎናቸው ተቀምጠው ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች እያፈራረቁ ሲነፉ ዋሉ። ሳንቲሙ ላይ መዶሻው አለ፤ ጉጠቱ አለ፤ እሳቱም ይንቦገቦጋል። ወናፎቹ ግን መሬት ላይ ተጋድመዋል። የሚነፋቸው የለም።

«እናትሽን የት አደረጓት?» አሉ አለበል፤ ሸጋዬ ተረጎመችለት።

«ቦታው ጠባብ ነው» አለ ኤልዳድ። «አንድ ሰው ሲሆን ያምራል። ፊታቸውን እንድንጠቀም እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሙሉሸዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ የፍም ጠባሳ ያለበትን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ንገሪው!» አሉ አለበል። «ጎንደር ማረሻ የሠራሁለት ገበሬ ቡዳ ነው ብሎ ልጁን ከዓይኔ ይሸሽግ ነበር። ያን ጊዜ ከጎኔ የነበረችው እሷ ናት። ሳይነፉት የሚነድ የብረት እሳት የት አገር አለ? ይህን የቀረጸው ደንቆሮ ነው፣ ያመጣውም ደንቆሮ ነው በዪው!»

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ባንክ ቤትም ሐኪም ዘንድም፣ ሸጋዬ የአባቷን ቁጣ አለዝባ ነበር የምትተረጉመው። «አመሰግናለሁ ይላሉ» ማለት ለምዶባታል።

«ምን አሉ? ደስ አላቸው አይደል?» አላት ኤልዳድ።

ወደ እናቷ ነጠላ አየች። ከዚያ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ደንቆሮውንም ሁለት ጊዜ፣ ነገረችው።

ኤልዳድ ቀላ። «አንቺ እንኳ የተማርሽ መስለሽኝ ነበር።»

«ስለተማርኩ ነው አስተካክዬ የተረጎምኩት።»

ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ከሦስት ወር በኋላ ሳንቲሙ የሌላ ሰው ፊት ተቀርጾበት ወጣ፤ ወናፎቹ አሁንም መሬት ላይ ተጋድመው ነበር።