ቲፕ አይስጡ

አቶ ሌስተር የምግብ ቤቱን በር ገፋ አድርገው እንደገቡ ዓይናቸው አዲስ በተለጠፈች ወረቀት ላይ ዐረፈ። «ከዛሬ ጀምሮ ለአስተናጋጆቻችን ሙሉ ደመወዝ እንከፍላለን። እባክዎ ቲፕ አይስጡ።»

ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቧት።

ሚስታቸው ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በዚህች የኦሃዮ መንገድ ዳር ምግብ ቤት መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። አስተናጋጇ ዋንዳ «መጣህ፣ አንተ ሽማግሌ? ሞቷል ብዬ እንቁላልህን ለውሻ ልሰጥልህ ነበር!» ትልና ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ቡናቸውን ትቀዳለች። ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚነካቸው ሰው የለም። እሳቸውም ሲወጡ ዳጎስ ያለ ቲፕ ይተዉላታል። ደመወዟ ለስሙ እንደሆነና የቤት ኪራይ የምትከፍለው ደንበኛ ከሚተውላት እንደሆነ ያውቃሉ። አሁንስ? ያ ሁሉ ፈገግታ የቲፑ ከነበረ ምን ይውጣቸዋል?

ዋንዳ መጣች። ፊቷ ጨፍግጓል። ቀልድም የለ፣ ትከሻም የለ። ቡናውን ቀድታ ሄደች።

«ይኸው፣ አለቀ» አሉ በሆዳቸው። እንቁላሉን ገፋ አደረጉት። ጨነቃቸውና ገንዘቡን እንደ ልማዳቸው ሳህኑ ሥር ሸጎጥ ሲያደርጉ አየቻቸው።

«ወረቀቱን አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፈገግ እንድትይልኝ ነዋ!» ቀልድ ሊያስመስሉት ሞከሩ፤ ድምፃቸው ግን ከዳቸው።

ዋንዳ ግራ ቀኟን አይታ ከፊታቸው ቁጭ አለች። በአራት ዓመት አንድ ቀን ተቀምጣ አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ማሸት ጀመረች።

«ስማኝ፣ ሌስተር። ሃያ ሁለት ዓመት ጥርሴን እያመመኝም ስቄያለሁ። እናቴን በቀበርኩ ማግስትም ስቄያለሁ። ካልሳቅኩ አልበላማ! ዛሬ እግሬ እየገደለኝ ነው። ይሄ የራሴ ፊት ነው፤ ላንተ ላሳየው ብዬ ነው። አስቀየመህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያው አንሣ ገንዘብህን።» ቀና ብላ ማየት አቃታት። «ደግሞ ልነግርህ የፈራሁት አለ። ከእንግዲህ እሑድ ሥራ አልገባም። የምገባው ቲፑ ስለሚበዛ ነበር። የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አንድ እሑድ አብሬያት ውዬ አላውቅም።»

እሑድ! ጎረቤቱ ሁሉ ከዘመዱ ጋር ሲውል የሳቸው ቤት ጸጥታው የሚብሰው እሑድ ነው።

«ደግ አደረግሽ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። «ሕፃን ልጅ አያቷን ትፈልጋለች። ሂጂላት።»

እሑድ ጠዋት አዲስ አስተናጋጅ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ደስ የምትል፣ ጨዋ ልጅ ናት።

«እንደምን አደሩ! ስንት ሰው ናችሁ?»

ዋንዳ ይህን ጠይቃቸው አታውቅም።

«አንድ» አሉ።

ልጅቷ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ከፊት ለፊታቸው ያለውን፣ ዋንዳ አንድም ቀን አንሥታው የማታውቀውን ትርፍ ስኒና ሹካ ሰብስባ ይዛ ሄደች።