የብጣሽ ጀርባ

ልብስ ሰፊዋ ውሻቸውን ወደ ክሊኒካችን ያመጧት በልብስ ቅርጫት ደብቀው ነበር። ከላይ ሁለት የታጠፉ ቀሚሶችና ቁልፍ ያልተተከለለት ኮት ተደርበውባታል። ልብሶቹን አንድ በአንድ እያነሡ ወንበር ላይ ካኖሩ በኋላ ከሥር ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ ዝምተኛ ፍጡር ብቅ አለች። ብጣሽ ትባላለች፤ ከጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል ስላደገች የወጣላት ስም ነው።

"ምን ሆነችብዎት?" አልኳቸው።

"ጎበጠችብኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ደግሞ ወፈረችብኝ። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ ይመጣል የኔ ልጅ? የጎበጠ ይከሳል እንጂ።"

ሹክሹክታቸውን ዓይን አፋርነት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሚዛኑ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አሳየ። በቁመቷ ልክ ከአምስት ኪሎ ማለፍ አልነበረባትም። ጀርባዋ እንደ ደጋን ጎብጧል፤ አንገቷ ትከሻዋ ውስጥ ገብቷል፤ ጭንቅላቷ ከጀርባዋ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ወለሉ ላይ ባስቀምጣት አጎንብሳ፣ ክርኖቿን ወደ ጎን ከፍታ ተራመደች፤ ዝቅተኛ በር የሚያልፍ ሰው እንዲህ ይሄዳል። የእሷ በር ግን አላልቅ ያለ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣሁ አራተኛ ወሬ ነበር። ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ የተመረቅሁ ስለሆነ እናቴ ሜዳሊያዬን ሳሎን ሰቅላ ለእንግዳ ሁሉ ታሳይ ነበር። እኔ ሜዳሊያው ባያኮራኝም አንድ እምነት ነበረኝ፤ የማይናገር ፍጡር ሕመም፣ ጥያቄው በትክክል ከቀረበለት፣ ሳይመልስ አይቀርም የሚል። ስለዚህ ጥያቄዬን በቅደም ተከተል አቀረብኩ። የጀርባ አጥንቷን አንድ በአንድ በጣቴ ተጫንኩ፤ ቅንጣት አልተሰማትም። ራጅ አነሣኋት፤ አጥንቶቿ ንጹሕ ነበሩ። ደሟን መረመርኩ፤ ዕጢዎቿም፣ ኩላሊቷም፣ ጉበቷም ደኅና ናቸው።

"በቀን ስንት ጊዜ ትበላለች?"

"ሁለቴ። ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ማታ አንድ እፍኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አላት ብለሽ?"

በዚህ መካከል በኮሪደሩ የሰው ኮቴ ተሰማ። የልብስ ሰፊዋ እጅ ወደ ሽርጣቸው ኪስ ሄደ፤ ብጣሽም አፏን ከፈተች። ይህን አይቻለሁ። በማስታወሻዬም "ባለቤቷ ጭንቀት ይታይባቸዋል" ብዬ ጽፌዋለሁ። ምግቧን በግማሽ ቀንሼ አሰናበትኳቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰው ሲመጡ ብጣሽ ሰባት ኪሎ ተኩል ሆና ነበር።

ክሊኒኩን ያቋቋሙትን አዛውንት ሐኪም ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ካርዷን ይዤ ቢሯቸው ስገባ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት።

"አየር በልታ ወፍራ ከሆነ ፎቶዋን አንሥተን በራችን ላይ እንስቀለው" አሉ።

"ጋሼ፣ እየዋሹኝ ይመስለኛል።"

"አይመስለኝም። ሰው የሚዋሸው አለ፤ የማይቆጥረው ደግሞ አለ። አንቺ መጽሐፉን ጨርሰሽዋል፤ አሁን ሴትየዋን አንብቢያቸው።"

ምክሩን ተቀበልኩ፤ የተቀበልኩት ግን በራሴ መንገድ ነበር። በትምህርት ቤት ከሁሉ በፊት የተማርነው እንስሳን በሚኖርበት ቦታ ማየት እንደሚገባ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ሐሙስ ቀን፣ ልብስ ሰፊዋን ቤትዎ መጥቼ ብጣሽን ልያት ስል ጠየቅኋቸው። ሴትየዋ የቅርጫቱን ጆሮ ጨበጡ።

"አይ፣ ቤት እንኳ አትምጪ። ቤቱ አይመችም።"

"ለእኔ ምንም ማለት አይደለም እትዬ።"

"ለእኔ ነው የማይመቸው የኔ ልጅ።"

ድህነት ያሳፈራቸው መሰለኝና አዘንኩላቸው፤ ማዘኔም ውስጥ ውስጡን ትንሽ አኮራኝ። የእረፍት ቀኔን ሠውቼ ሳልነግራቸው ለመሄድ ወሰንኩ። አድራሻው ካርዱ ላይ ነበር፤ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አረንጓዴውን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። መልስ ስላጣሁ በእጄ መዳፍ ደበደብኩት። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ግዙፍ ሰው ከፈቱልኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጉንጫቸው ላይ የትራስ መስመር ታትሟል፣ እግራቸው በካልሲ ብቻ ነው።

"ምን ነበር?"

"እንደምን አደሩ። የብጣሽ ሐኪም ነኝ፤ ላያት መጥቼ ነው።"

"የማን ሐኪም?"

"የብጣሽ። የውሻዋ።"

ሰውየው በሩን ተደግፈው ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። "ያቺ ውሻ ከዚህ ቤት ከወጣች ስምንት ወሯ ነው" አሉ። "እህቴ ለደንበኛዋ ሰጥታታለች።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ቤት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ መመለስም ይቻል ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ ሙሉ ትክክለኛውን መልስ ፈጥኖ በመስጠት የተመሰገንኩ ልጅ ነኝ።

"አይ፣ ሐሙስ ዕለት እኔ ዘንድ ነበረች" አልኳቸው። "ሰባት ኪሎ ከስድስት መቶ ናት።"

ሰውየው ዞረው ወደ ደረጃው አመሩ፤ እኔም ምን እንዳደረግሁ እየገባኝ ተከተልኳቸው። ከላይ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ። ከዚያ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ የቆርቆሮ ክዳን ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት። ሰውየው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳሳረፉ ቆም ብለው አዳመጡና መውጣታቸውን ቀጠሉ።

በኋላ እንደተረዳሁት፣ ልብስ ሰፊዋ ባላቸው ሲሞት የስፌት መኪናቸውንና ውሻቸውን ይዘው እዚህ ታላቅ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ወንድምየው በብርጭቆ ፋብሪካ ሌሊት ሌሊት እቶን ይጠብቃሉ፤ ቀን ይተኛሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ብጣሽ ጮኸች። ወንድምየውም "ወይ እኔ ልተኛ፣ ወይ እሷ ትጩህ፤ ሁለቱ በአንድ ጣራ አይሆንም" አሉ። እህትየው ሰጠኋት ብለው ላይኛው ክፍል ደበቋት። ሴቶች ልብስ የሚለኩበት ክፍል ስለሆነ ወንድምየው ወደዚያ ወጥተው አያውቁም፤ ውሻዋም ደጅ የምታየው እሳቸው አመሻሽ ላይ ወደ ፋብሪካ ሲሄዱ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። መኪናው በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ግማሹን ወለል የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል፤ ከጠረጴዛው ዙሪያ ግራጫ ጨርቅ እስከ መሬት ወርዷል። ልብስ ሰፊዋ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ እጃቸውን ከጨርቁ ጀርባ ሰድደው ቆመዋል። መጀመሪያ ወንድማቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። እኔን ያዩበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቁጣ አልነበረበትም።

"ወንድም ጋሼ፣ ተነሣህ እንዴ" አሉ።

ወንድምየው ጎንበስ ብለው ጨርቁን ገለጡ። ከጠረጴዛው ሥር የጨርቅ ጥቅል የሚቀመጥበት ጣውላ ተመትቷል። ከጣውላው ሥር ደግሞ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ፣ ብጣሽ ነበረች። አልጮኸችም። ካልሲ ያጠለቁትን እግሮች አሸተተችና ጅራቷን በወለሉ ላይ ትመታ ጀመር። ከዚያ ቀና ማለት ባትችልም አፏን ከፍታ ጠበቀች።

"ለምንድነው የማትጮኸው?" አሉ ወንድምየው።

"ኮቴህን ስትሰማ ትንሽ ነገር አቀምሳታለሁ" አሉ እህትየው። "የዳቦ ቁራጭ። እንዳትጮህ።"

"የትኛውን ኮቴ?"

"ወደ ኩሽና ስትሄድ። ስትመለስ። አልጋህ ሲንቋቋም።"

"ስገላበጥም?"

"ስትገላበጥም። ደንበኛ ሲመጣም ያው ነው።"

"እትዬ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይሆናል?" አልኩ።

"እሱንማ ቆጥሬው አላውቅም" አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር። "ምግብ ብዬ አልያዝኩትም የኔ ልጅ። ምግቧ ሁለት እፍኝ ነው።"

ሜትሩን እንዲያውሱኝ ጠየቅሁና ተንበረከክሁ። ከወለሉ እስከ ጣውላው ሃያ አራት ሴንቲ ሜትር ነው። የብጣሽ ትከሻ፣ በእጄ ደግፌ ቀስ ብዬ ቀና ሳደርጋት፣ ሠላሳ አንድ። በራጅ ፊልምም በደም ብልቃጥም ስፈልገው የነበረው ነገር ሰባት ሴንቲ ሜትር ነበር።

ወንድምየው ደንበኞች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጮህ የእህትየው እጅ ሳያስቡት ወደ መስኮቱ ደፍ ሄደ፤ እዚያ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። ወንድምየው ይህን አዩ።

"እስቲ ክፈቺው" አሉ።

"ምኑን?"

"ቆርቆሮውን።"

ከፈቱት። ጠቅ አለ። ወንድምየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ስምንት ወር" አሉ። "ስምንት ወር ይህን ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ብዬ ነበር። እቶኑ አእምሮዬን ነክቶኝ ነው ብዬ የፋብሪካው ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። የስፌቱ ድምፅ ነው ብዬ አንቺን ቀስ ብለሽ ስፊ ብያለሁ። ጠቅ ይላል፤ እባንናለሁ፤ እገላበጣለሁ።"

"ስትገላበጥ አልጋው ይንቋቋል" አሉ እህትየው በዝግታ።

"አንቺም ትከፍቺዋለሽ።"

የብጣሽ ጅራት አሁንም ወለሉን ይመታል። ለስምንት ወር በአንድ ወለል ላይና ታች ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ላለማንቃት ሲል ያንኑ ሰው እንዳይተኛ ሲያደርገው ኖረዋል። እኔ ጥፋቴን የምክስበት ጊዜ የደረሰ መሰለኝ።

"ጌታዬ፣ እባክዎ፣ ውሻዋ ምንም አላጠፋችም፤ እሷን ካስወጧት..."

ወንድምየው እጃቸውን አነሡ። "ዶክተር፣ አንቺ ዛሬ የድርሻሽን ተናግረሻል።"

ሜትሩን ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

"ብትነግሪኝስ ኖሮ?" አሉ ወደ እህታቸው ዞረው።

"ሂጂ ብትለኝ የት እሄዳለሁ?"

"አንቺን ማን ሂጂ አለሽ? ውሻዋን ነው ያልኩት።"

"የባሌ ቤት ሲዘጋ የቀረችኝ እሷ ናት" አሉ እህትየው። ድምፃቸው አሁንም ከሹክሹክታ አላለፈም። ከታች የተኛ ሰው አልነበረም፤ ሰውየው ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል።

ወንድምየው ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቆርቆሮውን ከመስኮቱ ደፍ አንሥተው ብብታቸው ሥር ያዙት። "ይህቺ ቆርቆሮ ከእኔ ጋር ትወርዳለች" አሉ። "ውሻዋ ትጩህ። ጩኸቱ የምን እንደሆነ ያወቀ ሰው ትራሱን ጆሮው ላይ አድርጎ ይተኛል። ይመቸኛል ግን አላልኩም፤ ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማለሁ ወንድም ጋሼ።"

"ጣውላውን ሰኞ አነሣዋለሁ።"

ወረዱ። ብጣሽ እያንዳንዱን እርምጃ በጆሮዋ ተከተለች። አፏን ከፍታ ጠበቀች፤ ማንም ምንም አላጎረሳትም። ትጮሃለች ብለን ልብስ ሰፊዋና እኔ ትንፋሻችንን ይዘን ቆየን። አልጮኸችም። አፏን ገጥማ፣ ማንም ሳያዛት፣ ተመልሳ ከጣውላው ሥር ገባች።

ሰኞ ጋሼ ታሪኩን ሁሉ ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡኝም። "የሰው በር ስታንኳኪ መጀመሪያ 'ቤቶች' ይባላል" አሉ። "ከዚያ መልሱ ይጠበቃል።" ይህን ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም፤ መጻፍ አላስፈለገኝም።

ከወር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ብጣሽን በገመድ እየመሩ፣ ያለ ቅርጫት መጡ። ስድስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነበረች። ጣውላው ተነሥቷል፤ ቆርቆሮው የወንድምየው ምስማር ማስቀመጫ ሆኗል። ጀርባዋ ግን ገና ነው። ጡንቻዋ እንዲዘረጋ ቀና ብላ መሮጥ ስለሚገባት ወደ ክሊኒኩ ጓሮ አወጣናት። ጓሮው ሰፊ ነው፤ አጥሩ ሩቅ፣ በላዩ ሰማይ ብቻ። ብጣሽን መሐል ላይ አስቁሜ ልብስ ሰፊዋን ወደ ማዶ፣ ወደ አጥሩ ላክኋቸው።

"ከዚያ ሆነው ይጥሯት" አልኳቸው። "ሲጠሯት ቀና ትላለች።"

አጥሩ ጋ ደርሰው ዞሩ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምፅ አልሰማሁም። ብጣሽም አልሰማችም።

"ትንሽ ጮክ ይበሉ እትዬ።"

ወደ መስኮቶቹ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ጣራው ተመለከቱ። ከዚያ እንደገና አፋቸውን ከፈቱ። ስሟ ከከንፈራቸው ወጥቶ እዚያው እግራቸው ሥር ወደቀ። ብጣሽ ሜዳው መሐል ጎብጣ፣ አንድ ጆሮዋን ብቻ አንሥታ ትጠብቃለች።

በዚያ ግቢ ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። ልነግራቸው አልኩና ተውኩት።

ልብስ ሰፊዋ እጃቸውን ወደ ሽርጣቸው ኪስ ሰደዱ። ኪሱ ባዶ ነበር። እጃቸውን አወጡና እንደገና ትንፋሻቸውን ሳቡ።