ከወፍጮው ጀርባ የተቀዳ ድምፅ

ኑሪያ ሰው አታምንም። ይህን የማያውቅ ካለ መርሳ ከተማ ትናንት የገባ እንግዳ መሆን አለበት። በሩን ራሷ ካልቆለፈች፣ የቆለፈችውንም ተመልሳ ካልነቀነቀችው እንቅልፍ አይወስዳትም። ባሏ፣ አላህ ይማረውና፣ አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ እያለ ይስቅባት ነበር። ሲሞት የናፍጣ ወፍጮውንና አብዱልሐሊም የሚባል አንድ ልጃቸውን ትቶላት ሄደ። እሱን እንኳ፣ የገዛ ልጇን፣ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ከእግር እስከ ራሱ አይታው ነበር የምታስገባው። እንግዲህ ጦርነት የመጣው እንዲህ ባለች ሴት ላይ ነው።

በነሐሴ የትግራይ ታጣቂዎች ከወልድያ ቁልቁል ወርደው መርሳን ሲይዙ አብዱልሐሊም ከጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወደ ደሴ ሸሸ። እሷ ወፍጮዬን ለማን ትቼ ብላ ቀረች። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ናፍጣ የሚባል ነገር ከከተማው ደረቀ። የሌሎቹ ወፍጮዎች ሁሉ ዝም ሲሉ የኑሪያ ብቻ ሲጮህ ይውላል፤ ታጣቂዎቹ ናፍጣ በበርሜል እያመጡ የራሳቸውን ስንቅ ያስፈጩበታላ! ሞተሩን የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም ከእነሱው አንዱ ነው። የከተማው ሰው በየቤቱ በድንጋይ ይፈጫል፣ ያውም የሚፈጭ ካገኘ። ኑሪያ በገዛ ወፍጮ ቤቷ ዱቄት ጠራጊ ሆና ቀረች፤ ይህም ውስጥ ውስጡን ያንገበግባት ነበር።

የልጇን ወሬ ያመጣችላት ረሂማ ናት። ረሂማ በቆላው በኩል በእግሯ እየተሻገረች ከሐይቅ ጨውና ሳሙና የምታመጣ ነጋዴ ናት፤ ሴት ስለሆነች ያሳልፏታል። አብዱልሐሊም ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተፈናቃዩ ጋር ተጠልሏል፣ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን አንድ ነገር ልኮባታል። እዚያ ላለው ሁሉ መንገደኛው እናትህ ደህና ናት ይለዋል፤ ከጓደኞቹ አንዱ እንዲህ ተብሎ ሲደሰት ሰንብቶ፣ ኋላ እናቱ ከተቀበረች መቆየቷን ሰማ። ስለዚህ የእናቴን ድምፅ በጆሮዬ ካልሰማሁ የማንንም ቃል አላምንም፣ ጥቅምት ሲገባ በቆላው መጥቼ ራሴ አወጣታለሁ ብሏል። አለማመኑን ከማን ወረሰው ትላላችሁ?

ኑሪያ ይህን ስትሰማ የታያት ወንዙ ነው። በዚያ በቆላው መንገድ፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ ወጣት ወንድ ከታየ ይያዛል፤ ከተያዙትም እስካሁን ተመልሶ የታየ የለም። ልጇ ከመጣ አለቀለት። አትምጣ ማለት ያለባት ደግሞ እሷ ናት፣ በራሷ ድምፅ። መላውን ረሂማ ነገረቻት። ሰዎች ድምፃቸውን በስልክ እየቀዱ ሚሞሪ ካርዷን ብቻ ይልካሉ፤ ከጥፍር አትበልጥም፣ የሻሼ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቼ አደርስልሻለሁ አለቻት።

የት ትቅዳው? መኖሪያ ቤቷ ግማሹ በታጣቂዎች ተይዟል፤ በመሃል ያለው ግድግዳ ስስ ነውና አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ኑሪያን ይርሐሙከላህ ልትል ይቃጣታል። ጎረቤት ቤት ሄዳ እንዳትቀዳ ጎረቤትን ማን ያምናል! የቀረው ከወፍጮው ጀርባ ያለው የጆንያ መጋዘን ነው። ሞተሩ ከተነሳ እዚያ ውስጥ ቢለቀስ፣ ቢጮህ፣ ቢራገሙ ደጅ ያለ ሰው አይሰማም።

ልጇ ጥሎት የሄደውን ስልክ ዱቄት ውስጥ ቀብራው ነበርና አወጣችው። ባትሪው አልቋል፣ ሚሞሪ ካርድም የለውም። በዚያን ሰሞን መርሳ ውስጥ ሶላርም ካርድም ያለው ደግሞ ሰናይ ነው። ሰናይ ትውልዱ ወልድያ፣ ቤተሰቦቹ ከትግራይ የመጡ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የሰፈሩ ሰው ጠርጥሮት ታስሮ ነበር፤ ያኔ ኑሪያም እሱስ ደህና ሰው ነው ብላ አፏን አልከፈተችም። አሁን ደግሞ ታጣቂዎቹ ቻርጅ ሊያደርጉ እሱ ዘንድ ይመላለሳሉ፣ በትግርኛ ያወራቸዋል፣ ሲስቁ ይሰማል። ታዲያ ሰው ምን ይበል? ሌላ መሄጃ ቢኖራት ኑሪያ በደጁም አታልፍ ነበር።

መንዙማ ልሰማበት ነው፣ ቻርጅ አድርገህ ካርድ ክተትልኝ ብላ ሰጠችው። ሰናይ ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ በቻርጅ ማድረጊያው ቀዳዳ የገባውን ዱቄት በስፒል ጠርጎ አወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለልጅዎ ድምፅ ሊቀዱበት ከሆነና የሚቀዱት ወፍጮ ቤት ከሆነ እንዳይበላሽብዎ፣ እኔ ላሳይዎት አላት። ማን ነገረው? ካርድ ፍለጋ ወደሱ የመጣ ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን ለዘመድ ድምፅ ሊልክ እንደሚመጣ፣ ዱቄቱም ራሱ እንደተናገረ ለአንድ አፍታ አልታሰባትም። ይህ ሰው ያውቃል፣ ካወቀ ደግሞ ይነግራል አለች በሆዷ።

እሱ ግን ቀስ ብሎ ማስረዳቱን ቀጠለ። ስልኩን ከአፏ አራት ጣት ያህል ብቻ ታርቀው፤ ትንፋሿ እንዳይመታው ወደ ጉንጯ ዞር ታድርገው። ድምፅ የሚገባው ከግርጌው ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ በጣቷ እንዳትደፍናት። ለሞተሩ ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን ወደ ጆንያዎቹ ታድርግ፤ ሰውነቷ ይከልላል፣ እህሉም ጩኸቱን ይመጠዋል። ከነስልኩ ብርድ ልብስ ትከናነብ። አትጩህ፤ ቀረብ ብላ እንደ ወትሮዋ ታውራ። ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ቀድታ፣ ሞተሩ የማይሰማበት ቦታ ወጥታ ትስማውና ከዚያ ዋናውን ትቅዳ።

«ስልክ እንደ ሰው ጆሮ አይመርጥም፣ እትዬ ኑሪያ» አላት። «ጎልቶ የመጣውን ነው የሚይዘው።»

ኑሪያ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ ቃሉን ሳይሆን ሰውየውን ነበር የምትሰማው። በሩን ጀርባ እንድሰጥ ለምን ፈለገ? ተከናንቤ ማን እንደገባ እንዳላይ ነው? ወጥቼ እንድሰማውስ፣ ደጅ ላይ እሱ ሆኖ አብሮኝ ሊሰማ አይደል?

በማግስቱ ሰናይ ቻርጅ የሆነውን ስልክ ከነካርዱ በኪሱ ይዞ፣ ማሽላ በጆንያ ተሸክሞ፣ ታጣቂዎቹን ፍጩልኝ ብሎ የሚለምን መስሎ መጣ። መጋዘኑ ገብቶ ጆንያዎቹን በግድግዳው ጥግ ደርድሮ አንዲት ሴት የምታስቀምጥ ጎሬ ሠራላት፣ ብርድ ልብሱን ዘረጋላት፣ ስልኩን ሰጣት፣ በሩ ላይ ሆኜ ሰው እንዳይገባ አያለሁ ብሎ ወጣ። ኑሪያ ጎሬው ውስጥ ገብታ ተከናነበች። ወዲያው ትንፋሽ አጠራት። ጨለማ ነው፣ ሙቀት ነው፣ በሩ አይታያትም። በቀትር ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ወይ ሌባ ነው ወይ እብድ ነው ብላ ወዲያ ወረወረችው። ተነሥታ በሩን ፊት ለፊት እያየች ቆመች፤ በሩ ያለው ደግሞ በሞተሩ በኩል ነው። ስልኩን ቁጥሩን ለማየት እንደሚይዙት ክንዷን ዘርግታ ያዘችውና፣ የወፍጮ ሰው በሚጯጯህበት አጯጯህ ጮኸች።

«አብዱልሐሊም፣ እናትህ ነኝ። ደህና ነኝ። እንዳትመጣ። በወንዙ እንዳትመጣ፣ ባጠባሁህ ጡት ይዤሃለሁ፣ ሰው እየተያዘ ነው።»

ከዚያ እዚያው ቆማ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው። ደግሞ ሰማችው! ከተዳረች ጀምሮ ዕድሜዋን ወፍጮ ቤት የኖረች ሴት ናት። ወፍጮ ቤት የኖረ ሰው ሞተር አይሰማም፤ ጆሮው ወዲያ ጥሎት ከሥሩ ያለውን የሰው ቃል ይለቅማል። የምትለውን ደግሞ አስቀድማ ታውቀዋለች። እንዲያውም ጥርት ብሏል አለች፣ ይህ ሁሉ ብርድ ልብስና ጆንያ ለሌላ ነገር ነበር አለች።

ስትወጣ ምን ታይ! ሰናይ በሩ ላይ ከአንድ ታጣቂ ጋር ቆሟል። እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ በትግርኛ አንድ ነገር እያጫወተው፣ ሰውየውን ቀስ እያለ ከመጋዘኑ ወደ ደጅ ያዞረዋል። ታጣቂው እየሳቀ ሄደ። ኑሪያ ያየችው ሳቁን ብቻ ነው። በቃ፣ ሸጠኝ አለች።

ሰናይ ጠጋ ብሎ የጆሮ ማዳመጫ ከኪሱ አወጣ። እስቲ ከደጅ ወጣ ብዬ ልስማው፣ ካልያዘ ደግመን እንቀዳዋለን አላት። አይሆንም አለችው። እሱም እንዳልተቀየመ ሰው ዝቅ ብሎ ተናገረ።

«ቃልዎን አልሰማም፣ እትዬ። ድምፁ መውጣቱን ብቻ ነው የማየው።»

ቃል ሳይሰሙ ድምፅ መስማት እንዴት ያለ ነው! ኧረ ወዲያ! ደህና ነው ብያለሁ ብላ ስልኩን ጉያዋ ከተተችው። ሰናይ ቢያንስ ሞተሩ ሲጠፋ ራስዎ አንዴ ይስሙት አላት። ማሽላውን ሳያስፈጭ ተሸክሞ ተመለሰ።

ኑሪያ ሞተሩ እስኪጠፋ ብትቆይ ኖሮ! እሷ ግን የታያት ሌላ ነገር ነው፤ ሰናይ ነግሯቸው፣ ታጣቂዎቹ መጥተው ሲበረብሯት። በዚያው ሰዓት ካርዷን ነቅላ ረሂማ ቤት እየሮጠች ሄደች። ረሂማ ካርዷን ሻሿ ጠርዝ ውስጥ እየሰፋች፣ ምናልባት ብትጠፋብኝ በአፌ ልንገረው፣ ምን ብለሽዋል አለቻት። ይቺ ደግሞ ወንዙ ላይ ብትያዝና ብትመታ መናገሯ አይቀርም ብላ ኑሪያ ጠረጠረቻት። ሰላምታ ነው አለቻት፣ የእናት ሰላምታ ነው። ረሂማ በማግስቱ መንገድ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ኑሪያ ፍተሻ ጠበቀች። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ አለች። ማንም አልመጣም። ሰናይ በመንገድ ሲያገኛት ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም ይላታል፤ እያደባ ነው አለች። ረሂማ ካርዷን በእጁ ሰጥቼዋለሁ ብላ በተመለሰች ቀን ግን ኑሪያ እስከ ዛሬ ሰግዳ በማታውቀው እርጋታ ሰገደች። መልእክቱ ደርሷል፤ ልጄ አይመጣም፣ ተረፈ ብላ አለቀሰች። እንቅልፍም ወሰዳት፣ በሩንም ተመልሳ አልነቀነቀችውም።

ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ እያራገፈች ሳለች ሌላው በር፣ የጓሮው፣ ተገፋ። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበረ የሰማችው ነገር የለም፤ የበሩ ብርሃን ሲለወጥ ነው ቀና ያለችው። አብዱልሐሊም ነው። ከስቷል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ኑሪያ ይዛ ወደ ጆንያዎቹ ጎተተችው፣ ፊቱን በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ አትምጣ አላልኩህም ወይ አለችው በጆሮው እየጮኸች፣ ድምፄ አልደረሰህም ወይ።

ልጁ እንደ ድሮው፣ እንደ ወፍጮ ቤት ልጅ፣ በጆሮዋ እየጮኸ መለሰላት። ደርሶታል። የመርሳ ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ በትልቅ ስፒከር አስጩኸው ሰምተውታል። አንዲት ሴት ከሩቅ ስትጮህ ትሰማለች፣ እናቱ እንደሆነችም ያውቃል፤ ምን እንደምትል ግን ደጋግመው ቢሰሙት አንድ ቃል አልያዙም።

«ወፍጮውን ግን ሁላችንም አወቅነው፣ እማዬ» አላት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «የኛ ወፍጮ ነው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ወፍጮው ከፈጨ ናፍጣ ገብቷል፣ ናፍጣ ከገባ ታጣቂው ወጥቷል፣ አገር ሰላም ሆኗል አልን።»

ኑሪያ እጇ ከፊቱ ላይ ወደቀ። ከሰናይ የደበቀችውን፣ ከረሂማ የደበቀችውን ቃል ከልጇም ደብቃዋለች። ደጅ ላይ በዚያው ቅጽበት የታጣቂዎቹ እህል አልቆ ኖሮ ሞተረኛቸው ሞተሩን አጠፋው። አብዱልሐሊም ግን ወሬውን ጀምሮታል፣ ጉሮሮውም እንደ ተከፈተ ነው።

«ሦስት ሆነን መጣን! ሁለቱን ወንዙ ላይ ያዟቸው፣ እኔ አመለጥኩ!»

ቃሉ በጸጥታው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ። ልጁ አፉን በእጁ ያዘ። ደጅ ላይ ወሬ ቆመ፤ አንድ ሰው የያዘውን ጆንያ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ተሰማ፣ ከዚያ ኮቴው ወደ መጋዘኑ መጣ። ኑሪያ በሩ ላይ ሄዳ ቆመች። የምትዋሸው ውሸት ፈልጋ አጣች፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ስትጠረጥር ኖራ አሁን አንድ ውሸት እንኳ አልመጣላትም።

ታጣቂው በተሰባበረ አማርኛ ማን እንዳለ ጠየቃት።

«ልጄ ነው» አለች ኑሪያ። «የጠራሁት እኔ ነኝ።»