ያላለፈ አይመደብም

«ጨርሼ መጣሁ» አለ ሁንዴ፣ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ በሳሙናውና በዳቦው መሃል ቦታ ፈልጎ እያስቀመጠ።

ሰልዋ የዘይት ጀሪካን ከባጃጅ ላይ እያወረደች ነበር። ቀና ብላ አየችውና መልሳ ጎንበስ አለች።

«ማን ና አለህ ጋሼ?»

«አንቺ ነሻ። ትናንት ሃያውን ጥያቄ ሳትጨርስ እንዳትመጣ አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«ይኸው ጨረስኩ።»

«ሳትጨርስ አትምጣ አልኩ እንጂ እንደጨረስክ ና መቼ አልኩህ? አባዬ የለም፣ ዕቃ እየተራገፈ ነው፣ ሱቁን ለማን ትቼ ላስጠናህ?»

ሁንዴ ቅር አለው። በሱ ቤት እሱ በቃሉ ተገኝቷል፤ ቃሏን ያጠፈችው እሷ ናት። ከባንኮኒው ጎን የነበረውን ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገለበጠና ተቀመጠበት፤ ጀሪካኖቹ እስኪያልቁ ሊጠብቅ። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ ልታስረዳው ስትደክምበት የከረመችውን ነገር አሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደነገረችው አላወቀም። እሷም አላወቀችም፤ ጀሪካን ይዛለች።

ሁንዴ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። አሥራ ሰባቱን የጨረሰው አቃቂ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ በር ላይ ሰንሰለት ሲያነሳና ሲጥል ነው። ፋብሪካው የቆመው የአባቱ ጤፍ ይበቅልበት በነበረው መሬት ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ሥራ ሲገባ እርሻ የሚወርድ ይመስለዋል እያሉ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል። የሚኖረውም እዚያው ነው፤ ከግቢው ጀርባ ከተደረደሩት የሠራተኛ ቤቶች በአንዱ፣ ከሚስቱ ከዳሲቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር። የቤቱ ውል አጭር ነች፤ ከሥራ የወጣ ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ቁልፍ ያስረክባል።

እንግዲህ ከወር በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ፋብሪካው አዲስ መዋቅር ሠርቷል፣ ከዘበኛ እስከ ኃላፊ ሁሉም ይፈተናል፣ «የብቃት ፈተናውን ያላለፈ ማንኛውም ሠራተኛ አይመደብም» ይላል። የፈተናው ግማሽ ስለ ሥራው ነው። እሱ ሁንዴን አላስጨነቀውም፤ የመኪኖቹን ታርጋ ከልጆቹ የልደት ቀን ይልቅ አጥርቶ ያውቃል። ሌላው ግማሽ ግን አመክንዮ ነው ተባለ። ሁንዴ ከማትሪክ ወዲህ ፈተና የሚባል ነገር አልነካም። ማትሪክንም ቢሆን ነካው እንጂ አላለፈውም።

ምግብ አልወርድ አለው። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ ብቻውን ሲያወራ ሾፌሮች ሰሙት። በመጨረሻ ያዘነለት ባለሱቁ ሀይረዲን ነው፤ «ልጄ ጋ ና፣ ይህን ነገር ጠጥታዋለች» አለው። ሰልዋ በሒሳብ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። በአምስት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ፈተና ተፈትና አምስቱንም አልፋለች፤ አሁን የአባቷ ሱቅ ውስጥ ዘይት ትሸጣለች። ሁንዴ ይህን ሲሰማ አምስቱን ማለፏን ያዘ። ዘይት መሸጧን ልብ አላለውም።

ጀሪካኑ አለቀ። ሰልዋ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ደብተሩን ገለጠችና በቀይ እስክሪብቶ ወረደችበት። ከሃያው አራት አግኝቷል። ፈተናው ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«ይቺን እንያት» አለች፣ ድምጿን እንደ አስተማሪ አድርጋ። «ሠልጣኝ የምስክር ወረቀት የሚያገኘው መቶ ሰዓት ከተማረ ብቻ ነው። ሮቤራ መቶ ሰዓት ተምሯል። ስለዚህ ሮቤራ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። ምን አልክ?»

«ትክክል አልኩ።»

«መወሰን አይቻልም ነው መልሱ።»

«ልጁ መቶ ሰዓት ለፍቷል እኮ ሰልዋ።»

«ለፍቷል።»

«ታዲያ ለምን ይከለከላል?»

«ይከለከላል መቼ አልኩ? አይታወቅም ነው ያልኩት።»

በሽታው ይኸው ነበር። ሁንዴ ጥያቄ አያነብም፣ ይፈርዳል። ሮቤራ የሚባለውን ሰው በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ግን ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ወገን ሆኖለታል። «መወሰን አይቻልም» የምትለዋን ሦስተኛ ምርጫ ደግሞ ጭራሽ ጠልቷታል፤ የፈሪ መልስ ትመስለዋለች። በር ላይ የቆመ ሰው ወይ እለፍ ይላል ወይ ተመለስ ይላል። መወሰን አይቻልም የሚል ዘበኛ ማን ያስቀምጠዋል?

ሰልዋ ለስንተኛ ጊዜ አስረዳችው። መቶ ሰዓት መማሩ አስፈላጊ ነው፤ እሱ ከሌለ ወረቀቱ የለም። ይበቃል ግን አልተባለም። ምናልባት ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ጥያቄው አልነገረንም። ሁንዴ አዎ አዎ እያለ ሰማና፣ ቀጥሎ ያለውን ያንኑ የመሰለ ጥያቄ ስትሰጠው ያለምንም ማመንታት «ትክክል» አለ።

እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሱ ግንባሩን ባንኮኒው ላይ ደፋ። ሳሙና የሚገዙ ሴትዮ መጥተው፣ ሰውዬው ታሟል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሰልዋ የለም እያጠና ነው አለቻቸው።

«ተይኝ በቃ» አለ ሁንዴ፣ ቀና ሳይል። «ዳሲቱ ዕቃ መሸከፍ ትጀምር።»

ልጅቷ ልትቆጣው ፈልጋ አንጀቷ አልቻለም። ደብተሩን ዘጋችና ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ የጫነ መኪና ከግቢ የሚወጣው እንዴት ነው? ሁንዴ ግንባሩን አነሳ። ይህን እንኳ ያውቃል። ሾፌሩ መውጫ ወረቀት ይሰጠዋል፤ እሱ ማህተሙን ያያል፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ይወጋዋል፤ መዝገቡ ላይ «ወጥቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ሰንሰለቱን ይጥላል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ሚስማር ላይ ከዋለ መኪናው ወጥቷል ማለት ነው።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ወረቀቱ ሚስማሩ ላይ ውሎ መኪናው ያልወጣበት ቀን የለም?»

ሁንዴ የለም ሊል አፉን ከፈተና ዘጋው። አንድ ክረምት ነበር። ባለተሳቢው ሾፌር ወረቀቱን ሰጠው፣ እሱ ወጋው፣ «ወጥቷል» ብሎ ጻፈ፣ ሰንሰለቱን ጣለ። መኪናው ግን አልነቃነቅ አለ፤ ፍሪሲዮኑ ሄዷል። ሦስት ቀን ሙሉ አፍንጫውን በሩ ላይ ደቅኖ ቆመ። ዕቃውን የሚጠብቁት ሰዎች ሲደውሉ ቢሮው መዝገብ እያየ «ወጥቷል፣ መንገድ ላይ ነው» ይላቸዋል፤ መኪናው ደግሞ በቢሮው መስኮት ይታያል። ሁንዴ ይህን ሲናገር መሃል ላይ ቆመ።

«ወረቀት ነበረው» አለ ቀስ ብሎ።

«ነበረው።»

«ያለ ወረቀት መውጣት አይችልም።»

«አይችልም።»

«ወረቀት ስላለው ብቻ ግን አልወጣም።»

ሰልዋ ባንኮኒውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ከዚህ በኋላ ብትናገር የምታበላሽ መሰላት። ትንሽ ቆይታ ብቻ ገልብጣ ጠየቀችው፤ አምቡላንስ ከመጣ በሩ ይከፈታል? ያለምንም ወረቀት፣ አለ ሁንዴ፣ እሱ ብቻውን ይበቃል። እንግዲያው በሩ ተከፍቶ ብታይ አምቡላንስ መጥቷል ማለት ነው? ሁንዴ ሳቀ። የለም፣ ሥራ አስኪያጁም ሊሆን ይችላል፣ ውሃ የሚያመጣው ቦቴም ሊሆን ይችላል። «መወሰን አይቻልም» አለ፣ ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ራሱን እያስገረመችው። ሃያውን ጥያቄ እዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጦ እንደገና ሠራና አሥራ ሰባቱን አገኘ። ሮቤራን በመጨረሻ አዝኖም ቢሆን ለቀቀው።

ያን ቀን ቤቱ ሲገባ የቀረበለትን ሁሉ በላ። ደስታው የቆየችው ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው።

ጠዋት ሊገባ ሲል ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። ወር ሙሉ በየቀኑ ያለፈበት ወረቀት ነው። አሁን ግን ዓይኑ ሌላ ዓይን ሆኗል። ያላለፈ አይመደብም። ደግሞ አነበበው። ያለፈስ? ወደ ታች ወረደ፤ ፊርማና ማህተም ነው ያለው። ከወረቀቱ ጀርባ ተጽፎ እንደሆነ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ ሁሉ አየ። ያለፈ ይመደባል የሚል ቃል የትም የለም። ወር ሙሉ እዚያ ላይ ያነበበው ራሱ የጻፈውን ነበር።

ለጓደኞቹ ነገራቸው። ሟርተኛ አሉት። አንዱማ፣ ሰው ትምህርት ሲገባው ደስ ይለዋል፣ አንተ ጭራሽ ከሰል መሰልክ አለው። ሁንዴም ባልገባኝ ኖሮ አለ በልቡ።

ቢሆንም ተፈተነ፤ ካልተፈተነ ነገሩ ያለቀ ነውና። ከሳምንት በኋላ ውጤት ተለጠፈ። ሁንዴ ሰባ አራት። በሩ ላይ ከሚሠሩት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ አልፈዋል። በግቢው እልልታ ሆነ። ዳሲቱ ዶሮ ገዝታ ሠራች፣ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች፣ ልጆቹ አባታቸው ላይ ተጠመጠሙ። እሱ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ እንጀራውን ሲቆርስ ሲተው አየችው።

«አልፈሃል አይደል?»

«አልፌያለሁ።»

«እና?»

«ማለፌን ነዋ የሚያሳየው። ሌላ ምንም አይልም።»

ዳሲቱ ማንኪያውን አስቀመጠች። ከዚያች ልጅ ጋር ከዋልክ ወዲህ ደስታም አያስደስትህ አለችው። ቀጥሎ ግን፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ በሩ ላይ ስንት ሰው ነው የሚፈልጉት ብላ ጠየቀችው። አያውቅም። አንዳንዱ አራት ይላል፣ አንዳንዱ ሁለቱ በር ወደ አንድ ይጠቀለላል ይላል፣ አንዳንዱ ካሜራ ይተከልና ሰው አያስፈልግም ይላል። ሁለቱም ቁልፉ የተንጠለጠለበትን ግድግዳ ላለማየት ሳህን ሳህኑን አዩ።

በማግስቱ ወደ ሰልዋ ሄደ፤ ለማመስገንም፣ ለመጠየቅም። የሚበቃው ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል አላት። ልጅቷ የሳሙና ካርቶን ትቀድ ነበር፤ እጇ ቆመ። አምስት ቦታ አልፋ አንዱም ጋ የሚበቃው ምን እንደሆነ የነገራት እንደሌለ፣ እሷም አፍራ ሳትጠይቅ እንደቀረች ነገረችው። ያን ጊዜ ነው ሁንዴ ዘይቱን፣ ባንኮኒውንና ልጅቷን አንድ ላይ ያያቸው። «እኔ እጠይቃለሁ» ብሎ ብቻ ወጣ።

የሰው ሀብት ኃላፊው ፈቀደ በዕድሜ ከሁንዴ ያንሳል፤ የሰው ፋይል ሲያገላብጥ የሚውል፣ ሳይስቅ የሚያወራ ሰው ነው። ሁንዴ ቆቡን አውልቆ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ። ይቀመጡ ቢባልም አልተቀመጠም፤ ከተቀመጠ የሚረሳው መስሎታል። መንገድ ላይ ሲደጋግመው ነው የመጣው።

«አቶ ፈቀደ፣ ያላለፈ አይመደብም ብላችኋል። ገብቶኛል። ያለፈ ይመደባል ግን አላላችሁም። እሱም ገብቶኛል። እኔ አልፌያለሁ። ሌላ ምን ቢሟላ ይበቃል? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ካለኝ ላምጣ፤ ከሌለኝ ልጆቼን ይዤ ወዴት እንደምገባ ከአሁኑ ልወቀው።»

ፈቀደ ፋይሉን ዘጋ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ጥርት ያለ መነጽር ነበር።

«የሚበቃውን ያገኙት እንደሆነ ለእኔም ይንገሩኝ ጋሽ ሁንዴ» አለ። «እኔም ሰማንያ ሁለት አምጥቼ ምደባዬን እየጠበቅኩ ነው እዚህ የተቀመጥኩት።»