የተገለበጠው ከፋይ

በማይ ጭሆት ሰፈር ጨርቅ ሳታባክን የምትቆርጥ ሴት ልጅ ብትፈልጉ ከእኔ ከጽገ ሌላ አታገኙም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመኩራራትም ነው።

ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ገባሁ። ከዚያ ለሁለት ወር ልምምድ ከጋሼ ሙሄዲን ሱቅ ተመደብኩ። ጋሼ ሙሄዲን ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው፤ ትግርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። እኔ በትምህርት ቤት አማርኛዬ፣ ሐን እንደ ትግርኛ ከጉሮሮዬ አጥብቄ "ሐሙስ" ስል "ጉሮሮሽ ውስጥ ምን ገባ?" እያለ ይስቅብኛል።

በየረቡዑ ከሰዓት በኋላ አስተማሪያችን ወይዘሪት ኣስካሉ በአውቶቡስ ይመጣሉ። ከሱቁ ጎን ካለው ሻሂ ቤት ያስቀምጡኝና ይጠይቁኛል። ሥራቸው መጠየቅ ብቻ ነው። ምን ሠራሽ? ምን ከበደሽ? በሚቀጥለው ሳምንት ምን ትሞክሪያለሽ? መልሱን እያወቁት አይነግሩም! ለዚህ ደመወዝ መብላታቸው ይገርመኝ ነበር። ሁልጊዜ "ሁሉም ደህና ነው" እላለሁ፣ ሻሂዬን እጠጣለሁ፣ እነሣለሁ።

በመጨረሻው ረቡዕ ግን ሻሂዬን ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋሼ ሙሄዲን ቀይ ከፋይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እሑድ ለምታገባ ሙሽራ የሚሆን ካባ ነው። "የልክ ወረቀቱን እንዳስቀመጥኩት ቁረጪ፤ ከራስሽ ምንም አትጨምሪ" ብሎኝ ሊሰግድ ወጣ፤ ከዚያም የወርቅ ክር ሊገዛ ገበያ ይሄዳል። እኔ ደግሞ አየሁና የቀኙን ፊት ወረቀት ላዩን ወደ ታች ብገለብጠው ብዙ ጨርቅ እንደሚተርፍ ገባኝ። ገለበጥኩት። ቆረጥኩት። እንዴት ደስ አለኝ!

ከዚያ ሁለቱን ፊት በር ላይ ይዤ ብርሃን አሳየኋቸው። ግራው ደማቅ ቀይ ነው። ቀኙ ጉበት መስሏል።

የከፋይ ፀጉር የሚተኛው ወደ አንድ ወገን ነው፤ ከተገለበጠ መልኩ ይለወጣል። ይህን በክፍል ተምረናል። የዚያን ቀን እኔ ከጎኔ ካለችው ልጅ ጋር ስሳሳቅ ነበር። ቀኙን ጠቅልዬ ከቁርጥራጭ ጆንያው ውስጥ ከተትኩት። ጋሼ ሙሄዲን የልምምድ ወረቀቴን ቅዳሜ ካልፈረመልኝ ሰርተፊኬት የለም፤ የሁለት ዓመት ትምህርቴ ውኃ በላው ማለት ነው።

"ምን ሠራሽ?" አሉ ወይዘሪት ኣስካሉ።

"ካባ ቆረጥኩ።"

"እንዴት ሆነ?"

"ደህና።"

ስኳር በሌለው ሻሂ ውስጥ ማንኪያ ያዞራሉ፣ ያዞራሉ...

"ኣይኮነን፣ ደህና አይደለም!" ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዓይኔ ውስጥ አቧራም ገባ።

ይጮሁብኛል ስል "ስንት ጨርቅ ተረፈ?" አሉ።

"አልለካሁም። ወይዘሪት፣ እርስዎ ለጋሼ ሙሄዲን ይንገሩልኝ። እርስዎን ያከብራል።"

"መቀሱን የያዘው ማን ነበር?"

"እኔ።"

"እንግዲያው የምትናገሪውም አንቺ ነሽ። በይ፣ እኔ ሙሄዲን ነኝ። ንገሪኝ።" እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አፈጠጡብኝ። እንደ እሱ ከንፈራቸው መሐል መርፌ የያዙ ይመስሉ ነበር። ሳቄ መጣ፤ አላዋጣኝም።

"ጋሼ፣ ከፋዩ ትንሽ ተበላሽቶ..."

"ራሱን በራሱ አበላሸ?"

"ወረቀቱ ተገልብጦ..."

"ማን ገለበጠው? ነፋስ?" ከጎናችን የተቀመጡት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንደገና" አሉ ወይዘሪት ኣስካሉ።

"ጋሼ፣ ቀኙን ፊት ገልብጬ ቆረጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እና ካባው እንዴት ይሁን?"

"እኔ ምን ዐውቃለሁ?"

"ምን ብታደርጊ ታውቂያለሽ?"

"ብለካ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሻሂዬን ትቼ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። የተረፈውን ከፋይ ዘረጋሁ፤ ይህን ጊዜ ፀጉሩን ሦስት ጊዜ በመዳፌ ዳብሼ ነው ወረቀቱን ያስቀመጥኩት። አዲስ ቀኝ ፊት ይወጣዋል፤ ከላይ ብቻ አንድ ስንዝር ያጥራል። ያንን ስንዝር ከተበላሸው ላይ በትክክል አዙሬ ባወጣው፣ መጋጠሚያውስ በወርቅ ጥልፉ ሥር ቢገባ?

ጋሼ ሙሄዲን ክሩን ይዞ ገባ። እንደተለማመድኩት ነገርኩት፤ ቃል በቃል።

"ወላሂ!" ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። መቀሱ ዘለለ። "የሰው ሙሽራ! እንዳስቀመጥኩት አላልኩም? ዓይንሽ የት ነበር?"

"ጨርቁ ላይ ነበር፤ ፀጉሩን ግን አላየሁም። ጋሼ፣ ለክቼዋለሁ፣ እየው..."

አሳየሁት። ከፋዩን ወደ በሩ ወስዶ አዘነበለው፤ ዳበሰው፤ እንደገና አዘነበለው። እኔም ከከፋዩ ጋር ወዲህና ወዲያ አዘነበልኩ።

"እዚህ አይቀጠልም" አለ። የልክ ወረቀቱን መጠቅለል ጀመርኩ። "ትከሻ ላይ ከሆነ ያብጣል። አራት ጣት ዝቅ ብሎ ይቀጠል።"

ይቀጠል! ይቀጠል አለ እኮ! ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ወረቀቴንስ ትፈርምልኛለህ?"

"ካባው ሲያልቅ። ደብቀሽ ሰፍተሽው ቢሆን ግን ዛሬውኑ ነበር የምሸኝሽ።"

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እሱ ሰፋ፣ እኔ ጠለፍኩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሙሽራዋ እናት ወይዘሮ ንግስቲ መጡ። ካባውን በብርሃን አገላበጡት፣ ጥልፉን በጣታቸው ተከተሉት። "የቐንየለይ፣ እጃችሁ ይባረክ" ብለው ጠቅልለው ሄዱ።

ጋሼ ሙሄዲን ወረቀቴን ፈረመ። በዚያች ደቂቃ ከሱቁ እስከ ጸጸራት ሰፈር ድረስ በአንድ እግሬ ዝለይ ብባል እዘል ነበር። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ ሌላ ልብስ ሲሰፋ እያየሁት ቆምኩ።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ወይዘሪት ኣስካሉ እኮ አንዲት ነገር አልነገሩኝም። የለካሁት እኔ፣ ያሰብኩት እኔ፣ የነገርኩህም እኔ። ሁሉንም ብቻዬን ነው ያደረግሁት።"

ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

"እውነትሽን ነው" አለ፤ "ያበላሸሽውም ብቻሽን ነው።"